ቴኦቲሁአካንን ቆፍረው የማይጨርሷት ለምንድነው?

«ስለ ሜክሲኮዋ ቴኦቲሁአካን ዶክመንተሪ አየሁ። ከተማዋ መጀመሪያውኑ በፕላን ተለክታ ነው የተሠራችው ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ቱሪስት ለመሳብ ነው? ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆፍሩ ኖረው ለምን አይጨርሱትም? የንጉሡስ መቃብር የታለ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ብለሽ ሦስት ነው የጠየቅሽው። ግን ሦስቱም ይያያዛሉ። አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ በፕላን ነው የተሠራችው፣ ያውም ጥብቅ በሆነ ፕላን። ቆፍረው ያልጨረሷት ገንዘብ ስላጠራቸው ብቻ አይደለም፤ መጨረስ ስለማይፈልጉም ነው። በዚህ ደግሞ ልክ ናቸው። የንጉሡ ነገር ጣጣ አለው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቴኦቲሁአካን የአዝቴኮች (ስፔናውያን ሲመጡ አካባቢውን ይገዙ የነበሩት ሕዝብ) ከተማ አይደለችም። ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። አዝቴኮች ወደዚያ አካባቢ ሲመጡ ከተማዋ ከወደቀች ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ፍርስራሹን አይተው ተደነቁ፣ ስም አወጡለት፣ አማልክት የተፈጠሩበት ቦታ ነው ብለው ይሳለሙት ጀመር። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከተማቸውን ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር አይታወቅም። ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የገነነችው ከ1ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ነው። በደመቀችበት ዘመን 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋ ነበር፤ ነዋሪዋም ከ100 ሺህ ይበልጥ ነበር ተብሎ ይገመታል። ይህን ሁሉ ያለ ብረት መሣሪያ፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ጭነት ከብት ነው የሠሩት። አፈሩም ድንጋዩም በሰው ጀርባ ነው የተጓጓዘው።

እሺ፣ ወደ ፕላኑ። ሰሜን ጫፍ ላይ የጨረቃ ፒራሚድ አለ። ከጀርባው ሴሮ ጎርዶ የሚባል ትልቅ ተራራ ይታያል። ከፒራሚዱ ፊት ተነስቶ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መንገድ የሙታን ጎዳና ነው። ይህንንም ስም ያወጡት አዝቴኮች ናቸው፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ጉብታዎች መቃብር መስለዋቸው ነው። መቃብር ሳይሆኑ የቤተ መቅደስ መድረኮች ናቸው። ጎዳናው 40 ሜትር ያህል ይሰፋል። ዛሬ ቱሪስት የሚሄድበት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ነው፤ የቀረው ከእርሻና ከመኖሪያ ቤት ስር ሆኖ ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ሜዳ እንዳይመስልሽ። ከጨረቃ ፒራሚድ እስከ ሳን ሁዋን ወንዝ ድረስ ወደ 30 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ይህን ቁልቁለት በደረጃና በሰፋፊ መድረክ ከፋፍለው አለዝበውታል። ለዚህ ነው በእግሩ የሄደ ሰው «ቀጥ ያለ መንገድ ነው ብላችሁኝ ደረጃ አሰበረኝ» እያለ የሚያማርረው።

የፀሐይ ፒራሚድ ከጎዳናው በስተ ምሥራቅ ነው፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ። ቁመቱ ዛሬ 65 ሜትር ገደማ ነው፤ የመሠረቱ አንድ ጎን ከ220 ሜትር ያልፋል። ውስጡ ከአንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ አፈርና ድንጋይ ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ስትዪ ስፔናውያን ሲዩዳዴላ ያሉት ግቢ ይመጣል። ምሽግ መስሏቸው ነው እንደዚያ ያሉት። በአንድ ጎኑ 400 ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ አደባባይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል የባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ቆሞበታል። እዚሁ ጋ ሌላ ሰፊ መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጎዳናውን ያቋርጠዋል። ከተማዋ በአራት ተከፈለች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ወይ? አይችልም። ለምን እንደማይችል ልንገርሽ።

ጎዳናው ልክ ወደ ሰሜን አይደለም የሚያመራው። ከትክክለኛው ሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል ወደ ምሥራቅ ያጋደለ ነው። አንድ መንገድ ቢያጋድል ምንም አይደል፣ መሬቱ አስገድዶት ይሆናል። እዚህ ግን ከተማው በሙሉ ነው አብሮት ያጋደለው። ፒራሚዶቹ፣ አጥሮቹ፣ ከማዕከሉ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተሠራው ተራ ሰው ቤት ሳይቀር ያንኑ አቅጣጫ ይዟል። ወንዙም አልቀረለትም! ሳን ሁዋን በተፈጥሮው እንደፈለገ የሚጠማዘዝ ወንዝ ነበር። እነሱ ቦይ ቆፍረው መስመሩን ካስለወጡት በኋላ የከተማዋን አቅጣጫ ይዞ እንዲሄድና ጎዳናውን በቀጥታ ማዕዘን እንዲያቋርጥ አደረጉት። ወንዝን ከካርታ ጋር ያስማማ ሰው ካርታ አልነበረውም ብሎ መከራከር ይከብዳል።

አቅጣጫውን ለምን መረጡት ለሚለው በጣም አሳማኙ መልስ የፀሐይ ነገር ነው። የፀሐይ ፒራሚድ ፊቱ የሚያየው በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይና ነሐሴ አጋማሽ ላይ (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 30 እና ኦገስት 13 አካባቢ)፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ነጥብ ነው። ከኦገስት 13 እስከ ኤፕሪል 30 ያለውን ብትቆጥሪ 260 ቀን ይመጣል። 260 ደግሞ በጥንታዊ ሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሃይማኖታዊው ካላንደር ርዝመት ነው። እንግዲህ ገጠመኝ ነው የሚል ካለ ይበል።

ሌላም ማስረጃ አለ። በአንዳንድ ሕንፃዎች ወለል ላይና ዙሪያውን ባሉ ኮረብቶች ድንጋይ ላይ በነጠብጣብ የተወቀሩ ክቦች ተገኝተዋል። ክቡ ሁለት እጥፍ ነው፣ መሃሉ ላይ መስቀል አለው። አንዱ ጎዳናው አጠገብ ነው። ሌላው በስተ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሴሮ ኮሎራዶ የሚባል ኮረብታ ላይ አለ። ሁለቱን በመስመር ብታገናኚያቸው መስመሩ ከጎዳናው ጋር ቀጥታ ማዕዘን ይሠራል ለማለት ይቻላል። ቀያሾቹ ያስቀመጡት ምልክት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ለዚህ ነው። ጃፓናዊው አርኪዮሎጂስት ሳቡሮ ሱጊያማ ደግሞ 83 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የመለኪያ አሃድ ነበራቸው ይላል። በዚህ ስሌት የፀሐይ ፒራሚድ የመጀመሪያ ወርድ 260 አሃድ ይሆናል። ሁሉም ባለሙያ አይቀበለውም። እኔም ቁጥር ብዙ በሚወራበት ቦታ ትንሽ ጠርጠር ማድረግ እወዳለሁ፤ የአቅጣጫው ነገር ግን አያከራክርም።

ብዙ ሰው ፒራሚድ ፒራሚዱን ብቻ ያይና የመኖሪያ ሰፈሩን ይረሳዋል። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን እሱ ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ አፓርትመንት በምንላቸው ግቢዎች ውስጥ ይኖር ነበር። አንዱ ግቢ በአማካይ 60 ሜትር በ60 ሜትር ነው። ዙሪያውን መስኮት የሌለው ወፍራም የድንጋይ አጥር አለው። ውስጡ በየቤተሰቡ የተከፋፈሉ ክፍሎች፣ ክፍት የሆኑ ትንንሽ አደባባዮችና የጋራ መሠዊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ነው፣ ከወለሉ ስር የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ተዘርግቷል። ከ2,000 በላይ እንዲህ ዓይነት ግቢ ነበር፤ በአንዱ ከ60 እስከ 100 ሰው ይኖር ነበር ተብሎ ይታሰባል። ቴቲትላ፣ አቴቴልኮ፣ ቴፓንቲትላ የሚባሉትን ብታዪ ግድግዳቸው ላይ ያለው ሥዕል ዛሬም ቀይነቱ ያስደነግጣል። ከሀብታም እስከ ደሃ፣ አብዛኛው ሕዝብ በእንደዚህ ዓይነት ግቢ ነው የኖረው። በዚያን ዘመን የትም አገር ተራ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ነበረው ማለት ይከብዳል።

ስደተኛም ብዙ ነበር። በምዕራብ በኩል ከደቡብ ሜክሲኮዋ ኦሃካ የመጡ ሳፖቴኮች የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ቤቱ የቴኦቲሁአካን ነው፣ መቃብሩና ዕቃው ግን የአገራቸው። ለብዙ ትውልድ ባህላቸውን ሳይለቁ ኖረዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍና ከማያ አገር (የዛሬው ጓቲማላና አካባቢው) ጋር የሚነግዱ ሰዎች ሰፈር ተገኝቷል። ከተማዋ የምትሸጠው ባልጩት ነበር። የእኛው መልካ ቁንጡሬ ባልጩት ጥቁር ነው፤ የነሱ ዝነኛው ግን አረንጓዴ ነው፤ ፓቹካ ከሚባል ቦታ ይመጣል። አረንጓዴ ባልጩት ሩቅ ማያ አገር ተገኘ ማለት የቴኦቲሁአካን እጅ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በምን አወቁት ትዪኝ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው ጥያቄሽ የሚመጣው። ስለ ከተማዋ አቀማመጥ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ባለመቆፈር ነው! በ1962 አሜሪካዊው ሬኔ ሚሎን ከባልደረቦቹ ጋር የአየር ፎቶ አስነስቶ በላዩ ላይ ካርታ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእግር ነው። በየእርሻው፣ በየቁልቋል አጥሩ፣ በየሰው ጓሮው እየዞሩ መሬት ላይ የተበተነውን ገል ለቀሙ። ከ5,000 በላይ ቁራሽ መሬት ነው ያሰሱት፤ የሰበሰቡት ገል ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። የገሉ ዓይነት ዘመኑን ይናገራል። የድንጋዩ ክምር ግድግዳውን ያሳያል። የባልጩት ፍንካች የበዛበት ቦታ ወርክሾፕ ነበር። በዚህ መንገድ ከተማዋ በየዘመኑ የት ድረስ እንደሰፋች ታወቀ። ካርታው በ1973 ታተመ፤ ዛሬም ማንም እዚያ ሊሠራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እሱን ነው። ጆርጅ ካውጊል የተባለው ባልደረባው ደግሞ ያን ሁሉ መረጃ ወደ ኮምፒውተር አስገባው፣ ያውም ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ በሚያክልበት ዘመን።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከቺ። በ1905 ሊዮፖልዶ ባትረስ የሚባል ሰው የፀሐይ ፒራሚድን እንዲያጸዳ ታዘዘ። ፕሬዚዳንቱ ፖርፊርዮ ዲያስ ነበሩ። በ1910 የሜክሲኮ ነፃነት መቶኛ ዓመት ስለሚከበር ለእንግዶች የሚታይ ነገር ተፈልጓል። ፒራሚዱ ያኔ ቁጥቋጦ የበቀለበት ኮረብታ ነበር። ባትረስ ከአፈሩ ስር ደህና ሆኖ የቆየ ግድግዳ አገኛለሁ ብሎ አሰበና ፒራሚዱን እንደ ድንች ላጠው። በአንዳንድ በኩል ከ4 እስከ 7 ሜትር ድረስ ነው ያነሳው። ፍርስራሹን የሚያወጣ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘርግቷል። ችግሩ ያነሳው አፈር ብቻ አልነበረም፤ ራሱ የውጪው ግንብ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ውስጡ ያለው ጭቃ ይናድ ጀመር፣ ቶሎ ብለው ድንጋይ በጭቃ እየመረጉ አቆሙት። ዛሬ የምታዪው የፒራሚዱ ቅርጽ የጥንቶቹም የባትረስም ነው። ከእርከኖቹ አንዱ ጭራሽ የእሱ ፈጠራ ነው። ፎቶ ላይ ከምታዪው ግማሹ መቶ ዓመት ብቻ ነው ዕድሜው ማለት ትችያለሽ።

ሰውየውን ሁሉም ይረግመዋል። እኔ ግን ሁሉንም እሱ ላይ መጫን አይታየኝም፤ ለበዓል ድረስ ተብሎ ቀነ ገደብ የተሰጠው ቁፋሮ የትም አገር መጨረሻው ይኸው ነው።

ከእሱ በኋላ የመጣው ማኑኤል ጋሚዮ የተሻለ ሰው ነበር። ከ1917 እስከ 1922 ባለው ጊዜ ሲዩዳዴላን አስቆፈረ። የባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ያኔ ነው የወጣው። የእሱም ታሪክ ደስ ይላል። ፊት ለፊት የሚታየው ተራ መድረክ ነበር። ከኋላው ሲቆፍሩ ግን ሌላ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ከድንጋይ የተጠረቡ የእባብ ራሶች፣ በአንገታቸው ዙሪያ የላባ አክሊል፣ በመካከላቸው ዓይነ ክብ ራሶች፣ ቀንድ አውጣና ዛጎል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ራሳቸው የከተማዋ ሰዎች አዲስ መድረክ ከፊቱ ሠርተው ከልለውት ነበር። የተቀሩት ሦስት ጎኖች ፈርሰዋል፣ ይህኛው ግን በመከለሉ ተረፈ። ይህን ልብ በዪው፣ ለንጉሡ ጥያቄ እንፈልገዋለን።

መቆፈር ለምን እንደሚያሰጋ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። በቴኦቲሁአካን ወለል የሚባለው ጠጠር ላይ የተለሰነ ኖራ ነው። ቤቱ ሲያረጅ ያፈርሱትና በላዩ ሌላ ወለል ያነጥፋሉ፤ ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ጎን ላይ አራት አምስት ነጭ መስመር ተደራርቦ ታገኚያለሽ። ከአንድ ያልተሰበረ ወለል ስር አንዲት ገል ብትገኝ ገሏ ከወለሉ ትቀድማለች ማለት ነው፣ አከራካሪ አይደለም። በላዩ ላይ ያለው ደግሞ ይከተላል። የከተማዋ ዘመን አቆጣጠር በአብዛኛው የቆመው በእንደዚህ ዓይነት ቀላል ነገር ላይ ነው። ታዲያ ወለሉን አንዴ ከሰበርሽው አበቃ። ያቺ ገል ከላይ ትሁን ከታች የሚያውቀው ማስታወሻሽ ብቻ ነው፤ ማስታወሻው ከተሳሳተ የሚያርመው የለም። ስለዚህ ዛሬ የሚቆፍር ሰው ትንሽ ቆርሶ ይወስድና የቀረውን ለሚመጣው ትውልድ ይተዋል። የሚመጣው ትውልድ ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ይኖረዋላ።

በዚህ መንፈስ የተሠራው ጥሩ ሥራ የጨረቃ ፒራሚድ ነው። ከ1998 እስከ 2004 ሱጊያማና ሜክሲኳዊው ሩቤን ካብሬራ ከውጪ ምንም ሳያፈርሱ በጠባብ ቦይ ወደ ውስጥ ገቡ። ፒራሚዱ አንድ ሳይሆን ሰባት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ነው የሠሩት። የመጀመሪያው ጎኑ 23 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ትንሽ መድረክ ነበር። አዲስ በደረቡ ቁጥር ደግሞ መሥዋዕት ያኖሩ ነበር። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ 12 ሰው ተገኝቷል፣ አሥሩ አንገታቸው ተቆርጧል። ሌላው ውስጥ ፑማ፣ ተኩላ፣ ንስርና መርዛም እባብ ነበር። አንዳንዶቹ እንስሳት ከነሕይወታቸው በቀፎ እንዳሉ ነው የተቀበሩት።

ሲዩዳዴላም ውስጥ እንደዚሁ። በ1980ዎቹ በባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ስርና ዙሪያ ከ130 በላይ ሰዎች ተገኙ። ብዙዎቹ እጃቸው ወደ ኋላ የታሰረ ነው። የወታደር ትጥቅ አላቸው፤ አንገታቸው ላይ ከሰው የላይኛው መንጋጋ የተሠራ ሐብል ያደረጉ አሉ፣ አንዳንዱ ከዛጎል ተቀርጾ የሰው ጥርስ እንዲመስል የተደረገ ነው። የተቀበሩትም በዘፈቀደ አይደለም፤ በ9፣ በ18፣ በ20 እየተቧደኑ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የካላንደር ቁጥሮች ናቸው። መሃል ላይ ያሉት 20 ናቸው። ስለዚህ ፕላኑ ከመሬት በላይ ብቻ አልነበረም።

ዶክመንተሪው ላይ አይተሽው ሊሆን የሚችለው ዋሻ ደግሞ በ2003 የተገኘው ነው። ከባድ ዝናብ ዘነበና ከዚሁ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት መሬቱ ተደረመሰ፣ ጠባብ ጉድጓድ ተከፈተ። አርኪዮሎጂስቱ ሰርሂዮ ጎሜስ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ሠራተኞቹ ወደ ታች አወረዱት። 14 ሜትር ገደማ ወርዶ ሲቆም በሰው እጅ የተቆፈረ ዋሻ አገኘ፤ አፉ በድንጋይ ተደፍኗል። ቸኩሎ አልከፈተውም። መጀመሪያ ከላይ ሆነው በራዳር መረመሩት። ቁፋሮው የተጀመረው በ2009 ነው፣ ሰው የማይደርስበት ጋ ትንንሽ ሮቦት እየላኩ። ዋሻው ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በፒራሚዱ መሃል ስር ሄዶ በሦስት ክፍሎች ያልቃል። ወደ 1,000 ቶን አፈር ነው የወጣው፣ ያውም በጥንቃቄ እየተነፋ።

የወጣው ነገር ጉድ ነው። ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጹ፣ በቆሙበት የተተዉ ምስሎች፤ የጎማ ኳሶች፤ የጃጓር ቅሪት፤ የጥንዚዛ ክንፍ፤ በ2021 ደግሞ ታስሮ የተቀመጠ አበባ። እርጥበቱ እንጨቱን ሳይቀር ጠብቆታል። ግድግዳውና ጣሪያው በሚያብለጨልጭ የማዕድን ዱቄት ተቀብቷል፤ ችቦ ይዘሽ ብትገቢ ኮከብ ያለበት ሰማይ ይመስልሻል። መጨረሻው ክፍል አካባቢ ፈሳሽ ሜርኩሪ ተገኘ፣ በ2015። ብዙዎቻችን የምንስማማው ዋሻው ከመሬት በታች ያለውን ዓለም፣ ተራራውንና ውኃውን ጭምር፣ በትንሹ ለማሳየት የተሠራ ነው በሚለው ነው። በፀሐይ ፒራሚድም ስር በ1971 ሌላ ዋሻ ተገኝቶ ነበር። ያ ግን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ በጥንት ጊዜ ተዘርፏል። መጀመሪያ የተፈጥሮ ዋሻ ነው ተባለ፣ በኋላ ግን በሰው የተቆፈረ መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ ወደ ንጉሡ። ሜርኩሪው ሲገኝ ጋዜጦች ሁሉ የንጉሥ መቃብር ሊወጣ ነው ብለው ጻፉ። ቁፋሮው አለቀ፣ መቃብር የለም። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ከማያዎች ጋር ሲተያይ ነው። ማያዎች የንጉሥ ስም፣ የተወለደበት፣ የነገሠበት፣ የማረከው ሰው ስም ሳይቀር በድንጋይ ላይ ጽፈው ይተዋሉ። ቴኦቲሁአካን ግን ይህን ያህል ትልቅ ሆና ይኸው ንጉሣችን የሚል አንድም ሐውልት የላትም። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጭምብልና ልብስ ናቸው፣ ፊት የላቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አርኪዮሎጂስቷ ሊንዳ ማንሳኒያ ከተማዋ በአንድ ሰው ሳይሆን በጋራ ነው የምትተዳደረው ትላለች፤ አራት አለቆች፣ አራቱን የከተማዋን ክፍሎች ወክለው። ሱጊያማ ደግሞ ያን ሁሉ ወታደር አርዶ ቤተ መቅደስ የሚያሠራ ኃይለኛ ገዢ መኖር አለበት ይላል። የሱን ወገን የሚደግፍ አንድ ነገር ከውጪ አለ። ቲካል በምትባለው የማያ ከተማ የተጻፈው እንደሚያሳየው በ378 ሲያህ ካክ የሚባል የጦር አለቃ ከምዕራብ መጥቶ ገባ፤ የቲካል ንጉሥም በዚያው ቀን ሞተ። ጽሑፉ ሲያህ ካክን ከአንድ ሌላ ገዢ ጋር ያያይዘዋል። ባለሙያዎች ምልክቱን አይተው «ጦር ወርዋሪው ጉጉት» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። ብዙዎች የቴኦቲሁአካን ንጉሥ ነበር ይላሉ።

እኔ ካውጊል ወደሚያነሳው መሃል መንገድ አጋድላለሁ። መጀመሪያ ላይ፣ እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፒራሚዶቹ በተከታታይ ሲሠሩ፣ ጠንካራ ግለሰቦች የነበሩ ይመስለኛል። እንደዚያ ያለ ሥራ በስብሰባ አይሠራም። ከዚያ ነገር ተለወጠ። ቅድም ልብ በዪው ያልኩሽ መድረክ ትዝ ይልሻል? የባለ ላባውን እባብ ቤተ መቅደስ ፊት የሸፈነው? በዚያው ሰሞን ቤተ መቅደሱ ተቃጥሏል፣ ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ግዙፍ ፒራሚድ አልተጀመረም፤ ጉልበቱ ሁሉ የሄደው ወደ አፓርትመንት ግቢዎቹ ነው። አንድን ሰው ማግነን የሰለቸው ሕዝብ ሥራ ይመስላል። እርግጥ ጦር ወርዋሪው ጉጉት ከዚህ በኋላ ስለሆነ የሚመጣው ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ራስ ምታት ነው። መጨረሻው ደግሞ በ550 አካባቢ ነው። ከተማዋ ተቃጠለች፣ ግን ሁሉም አይደለም። የተቃጠሉት በጎዳናው ዳር ያሉት ቤተ መቅደሶችና የሹማምንት ሕንፃዎች ናቸው፤ የመኖሪያ ግቢዎቹ በአብዛኛው ተርፈዋል። ሻያ በሚባለው ቤተ መንግሥት መሳይ ግቢ ውስጥ አንድ የድንጋይ ሐውልት ተሰባብሮ ተበትኖ ነው የተገኘው። ከውጪ የመጣ ጠላት ቢሆን እንዲህ መርጦ ያቃጥላል? የውስጥ አመፅ ነው የሚለው ይበልጥ ያሳምነኛል።

አንድ ቀን ሄደሽ የማየት ዕድል ካገኘሽ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ግድግዳዎቹን ጠጋ ብለሽ እዪ። በአንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ፣ በትልልቁ ድንጋይ መካከል፣ ጥቃቅን ጠጠር በመስመር ተሰክቶ ታገኚያለሽ። ያ የጥገና ምልክት ነው። ጠጠር ያለበት ዘመናዊ ሥራ ነው፣ የሌለበት የድሮው። በ1960ዎቹ የተጠገኑትን ሕንፃዎች፣ በተለይ ኬትሳልፓፓሎትል የሚባለውን ቤተ መንግሥት ስታዪ በጣም ይረዳሻል፤ አብዛኛው እንደገና የተሠራ ነውና። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ዛሬ ያሉትን ከተሞች ተመልከቺ። በ2021 የወጣ የሊዳር (ከአየር ላይ በሌዘር መሬቱን የሚለካ መሣሪያ) ጥናት እንዳሳየው በአካባቢው ካሉት የዛሬ መንገዶች፣ ግድግዳዎችና የእርሻ ወሰኖች 65 በመቶው አሁንም የጥንቷን ከተማ አቅጣጫ ይዘዋል፤ ስሩ ያለው የድንጋይ ግንብ አላላውስ እያላቸው። በሌላ በኩል ድንጋይና አሸዋ የሚያወጡ ቦታዎች ከ2015 ወዲህ ብዙ ቅርስ አጥፍተዋል።

መቃብሩን በተመለከተ እንግዲህ፣ አንድ ቀን ቢገኝ የምጠብቀው ከ300 ዓ.ም. በፊት በተሠራ ሕንፃ ስር ነው፤ ያውም ሌቦች ያልደረሱበት ካለ። የባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ውስጥ በጥንት ጊዜ የገቡ ዘራፊዎች የቆፈሩት ቦይ ተገኝቷል። እነሱ የዘረፉት ጉድጓድ የማን እንደነበር ነው ዋናው ጭቅጭቅ።